የሳሎናችን ባሕር

ከኔ በፊት ከሚሴ ውስጥ የባሕር ውሃ ሳሎኑ ያስገባ ሰው አልሰማሁም። ከኔም በኋላ የሚኖር አይመስለኝም። መስታወት ቆራጩ ጋ ሄጄ የምፈልገውን ሳጥን በእጄ ለክቼ አሳየሁት። ዕድሜውን ሙሉ የሱቅ ሾው ኬዝ ሲያጣብቅ የኖረ ሰውዬ ነው። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና፣

«ለሽቶ ነው ለሞባይል?» አለኝ።

«ለዓሣ።»

«የቦርከና ዓሣ?»

«የባሕር።»

እርሳሱን ጆሮው ላይ መልሶ ሰካው። «አንቺ፣ ጅዳ ምን አጠጥተው ነው የላኩሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወላሂ የዋህ ሆኜ አልወጣም ነበር። ምላሴ ለማንም እንደማይመለስ ሰፈሩ ያውቃል። ያን ሰሞን ግን መናደድ ራሱ ሥራ ሆኖብኝ ነበር። «ወፍራሙን መስታወት አድርግልኝ፤ ሲሊኮኑን እንዳትሰስት» ብዬው ወጣሁ።

ነገሩን የለመድኩት ጅዳ፣ ሰው ቤት ስሠራ ነው። የአሠሪዎቼ ሳሎን ውስጥ ግማሽ ግድግዳ የሚያህል የመስታወት ገንዳ ነበር። ውስጡ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ መርጃን፣ በመርጃኑ መሀል ዓሣ። መርጃን ስል እኛ አገር ሰው በቁርኣን የሰማውን ስም ነው የምጠራው እንጂ ባለሙያዎቹ ኮራል ይሉታል። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት አለው፤ ይበላል፣ ይከፈታል፣ ይታመማል። በየወሩ እየመጣ የሚንከባከበው ሰው ሥራውን እያሳየኝ ሄዶ በመጨረሻ ለኔ ጣለልኝ። ውሃ መለካት፣ ጨው መበጥበጥ፣ መስታወት መፋቅ። ፍቅር ይዞኝ አይደለም፤ ልዋሽ አልፈልግም። እጄ ገንዳው ውስጥ ከሆነ ማንም አይጠራኝም ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ስሜ የማይጮህበት ቦታ እሱ ብቻ ነው።

ፎቶውን እያነሳሁ ለወንድሜ እልክለት ነበር። ታናሼ ነው። ብረት በያጅ ነበር፤ ከሚሴ ውስጥ ስንት የቆርቆሮ በር የሱ እጅ ያረፈበት ነው። «ስትመጪ እኛም ቤት እንሠራለን፤ መቆሚያውን ለኔ ተይልኝ» ይለኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ስመጣ መቆሚያው ጓሮ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ወፍራም አንግል ብረት፣ በአራት ጎኑ የታሰረ፣ ሁለት ጊዜ ቀለም የተቀባ።

«ይሄ ዓሣ ሊሸከም ነው በሬ?» ብዬ ሳቅኩበት።

«ውሃ እንዴት እንደሚከብድ አታውቂም እንዴ?» አለኝ።

መስታወቱን ሳናሠራ እሱ ሄደ። ሳይነግረን። ከጅቡቲ ባሕር ዳር ሆኖ አንድ ጊዜ ደወለ፤ «ልንሻገር ነው፣ ዱዓ አድርጉልኝ» አለ። እናቴ ስልኩን ይዛ ስትጮህበት እሰማለሁ። ከዚያ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። መቆሚያው ላይ ዶሮዎች ማደር ጀመሩ።

ወሬውን ያመጣልን አብሮት የተሳፈረ የጨፋ ልጅ ነው። የመን ደርሶ፣ ታስሮ፣ ተመልሶ፣ ገና ቤቱ ሳይደላደል ወደኛ መጣ። ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና አንገቱን ደፍቶ ነገረን። ሞተሩ ባሕሩ መሀል ቆመ። የሚጠጣ ውሃ አለቀ። ሰው የባሕሩን ውሃ መጠጣት ጀመረ፤ ያን የጠጣ ደግሞ ይባስ ብሎ ይቃጠላል። ወንድሜም ጠጣ። «ውሃ፣ ውሃ» ይል ነበር። አንድ ቀን ሲነጋ ጀልባው ላይ አልነበረም።

እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ፣ «ሬሳውን አይተሃል?» አለችው።

«አላየሁም እማማ።»

«ሲወድቅስ?»

«ጨለማ ነበር።»

«እንግዲያ ልጄ አልሞተም» አለች። ወደኔ ዞር ብላ፣ «ምሳ አቅርቢለት፣ ከሩቅ ነው የመጣው» አለችኝ።

ጎረቤት ወሬ ሰምቶ ምንጣፍ ተሸክሞ ሲመጣ በር ላይ ቆማ መለሰችው። «ማን ሞተብኝና ነው? የኔን ልጅ ተዕዚያ የሚቀመጥ ሰው ቤቴን እንዳይረግጥ!» ተዕዚያ ለቅሶ ማለት ነው፤ እኛ አገር ሰው ሲሞት ቤቱ በሰው ይሞላል፤ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ይለቀሳል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ሰው መጥቶ ዝም ብሎ እንኳ አጠገብህ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ቀረብን። እናት ሳትቀመጥ እህት ትቀመጣለች? እሷ ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላ እጇን ዘርግታ «ያረቢ፣ ባለበት ጠብቅልኝ» ስትል፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ላለቅስ ነው? አላለቀስኩም። መጀመሪያ ዋጥኩት፤ ከዚያ የምውጠውም ጠፋ። ገበያ ውስጥ የአባያና የሻርፕ ሱቅ አለችኝ፤ ጠዋት እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ። ደንበኞቼ እኔን ሲያዩ ምን እንደሚሉ አያውቁም። «አላህ ይዘንለት» እንዳይሉ እናቴ ትሰማለች፤ «ደህና ነው?» እንዳይሉ ያውቃሉ። ስለ ሻርፕ ቀለም ያወራሉ። ቀዝቅዤ ነበር፤ ምግብ አይጣፍጠኝም፣ አይመረኝም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቴ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ሞቷል እንድትል። ክፉ ሆኜ አይደለም። እሷ ካላለች ለወንድሜ የሚያለቅስለት ሰው በዓለም ላይ የለም።

አንድ ጠዋት ጓሮ ወጥቼ ዶሮዎቹን ከመቆሚያው ላይ አባረርኳቸው። ኩሳቸውን ፍቄ በሳሙና አጠብኩት። ምን አስበሽ ነው ብትሉኝ ምንም። እጄ ሥራ ፈለገ። ከዚያ ነው መስታወት ቆራጩ ጋ የሄድኩት።

ሰፈሩ አበደ። አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን፣ አፏ ከኔ የማይተናነስ ሴት፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ «ሱብሃነላህ! ልጅ የበላውን ባሕር ጎትተሽ ቤት ታስገቢያለሽ?» አለችኝ። እናቴ ውስጥ ነበረች። «ዓሣ ነው የማረባው፣ እቴ» አልኳት።

ክረምት ስለነበር ውሃው አላስቸገረኝም። የቧንቧችን ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ድንጋይ ይሠራል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ውሃ ደግሞ መርጃን ይገድላል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ አዲስ ላስቲክ በአራት እንጨት ወጥሬ ዝናቡን በቀጥታ በርሜል ውስጥ አወረድኩት። እናቴ ራህመት ነው የምትለው፣ ዝናብ አትልም። «ራህመቱን ለዓሣ?» አለች። ግን በርሜሉን ስትከድንልኝ አየኋት።

ጨዉ ነው ጭቅጭቅ ያስነሳው። ለባሕር ገንዳ የሚሆን የራሱ ጨው አለ፣ ጅዳ በባልዲ ነው የሚሸጠው። ይህን ለከሚሴ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። «ባቲ እያለልሽ ከጅዳ ጨው? የአፋር ጨው ከየት የመጣ መሰለሽ፣ ባሕር አይደል?» ሁሉም የጨው ሊቅ ሆነ። ሰለቸኝና የገበያ ቀን ባቲ ወርጄ ገዛሁ። ግመሎቹ አጠገብ ጨው የሚሸጠው አፋር ምን ልሠራበት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ለከብት ጥሩ ነው፤ ስለ ዓሣ አላውቅም» አለኝ። ከሁሉም የተሻለውን መልስ የሰጠኝ እሱ ነው። ጨዉ ገንዳው ሥር ጭቃ የመሰለ ነገር አስቀመጠ። መስታወቱ ማፍሰሱን አለማፍሰሱን ብቻ አየሁበትና ደፋሁት። አፍስሶም ነበር፣ በአንዱ ጥግ፤ መስታወት ቆራጩ እየተራገመ መጥቶ ደገመው። ትክክለኛውን ጨው ጅዳ የቀረች ጓደኛዬ ወደ አገሯ በምትመለስ ሴት ሻንጣ ላከችልኝ። ኤርፖርት ላይ ምንድነው ብለው ሲያስቸግሯት፣ ሴትየዋ «የእግር መዘፍዘፊያ» ብላ አለፈች።

ውሃው ተበጠበጠ፤ ድንጋዩ ገባ። ድንጋዩ አዲስ አበባ የባሕር ዓሣ ከሚሸጥ ሰው በሚኒባስ ነው የመጣልኝ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ሲያዩት ተራ የሆነ ድንጋይ። አሁን እዚህ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዓሣ ወዲያው አይገባም። በዓይን የማይታዩ ውሃ የሚያጣሩ ነገሮች ድንጋዩ ላይ እስኪራቡ ሳምንታት ይጠበቃል። ሰው ሊያይ ይመጣል፤ መብራት የበራበት ውሃ፣ ፓምፕ ጉርር የሚልበት፣ ውስጡ ድንጋይ።

«ዓሣው የታለ?»

«ገና ነው።»

«ታዲያ ድንጋይ ነው የምትቀልቢው?»

እናቴ እስከዚያ ድረስ ወደ ገንዳው ፊቷን አዙራ አታውቅም ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት ክዳኑን ከፍቼ መስታወቱን ስፍቅ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ጣቷን ነከረች፤ ወደ አፏ ወሰደች። ፊቷ ተጨማደደ። ምራቋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች፤ አልተፋችውም። «ባሕር እንዲህ ነው?» አለችኝ።

«እንዲህ ነው እማ።»

«ይህን የሚጠጣ ፍጥረት አለ?»

«ዓሣዎቹ ለምደውታል። ያለሱ አይኖሩም።»

«አይ» አለች። ሄዳ ውዱእ አደረገች። እኔም መፋቄን ቀጠልኩ፤ ያኔ እንዲህ ነበርኩ፣ ሰው ፊቴ ቢቃጠል መስታወት የምፍቅ።

መንገዱ ክፍት የሆነ ሳምንት ጠብቄ የመጀመሪያዎቹን ነዋሪዎች አስመጣሁ። ቀንድ አውጣዎች፣ አረንጓዴውን ዝቃጭ የሚበሉ፤ ከዚያ መርጃኖቹ፣ እያንዳንዱ ጣት በምታህል ድንጋይ ላይ የተጣበቀ፤ በመጨረሻ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች፣ ወገባቸው ላይ ነጭ ቀበቶ ያላቸው። የሚኒባሱ ሾፌር የፎም ሳጥኑን ጋቢና አስቀምጦ፣ ለተሳፋሪው ሁሉ «የልብ መድኃኒት ነው፣ እንዳይናወጥ» እያለ ነው የመጣው። መነኻሪያ ስረከበው አንዲት አሮጊት «አላህ አፊያ ያድርግልሽ ልጄ» አሉኝ። አሜን አልኩ። ቤት ወስጄ ፌስታሉን ገንዳው ላይ አንሳፈፍኩ፤ ውሃውን ቀስ በቀስ ቀላቀልኩላቸው። ቸኩለህ ከገለበጥከው ይደነግጣል፣ ይሞታል። አንዱ መርጃን እጅ የመሰሉ ለስላሳ ነገሮች ነበሩት፤ ቀኑን ሙሉ ይከፈታሉ፣ ይጨበጣሉ። በማግስቱ ተከፈተ። ጎረቤታችን በአጥሩ ሳይሆን በበር መጥታ፣ አፏን ይዛ ቆመች። «ኧረ ይተነፍሳል!» አለች። እኔ ቆሜ አየሁት። ቆንጆ እንደሆነ አውቃለሁ። ደስ ማለት እንዳለበትም አውቃለሁ።

እናቴ ግን ለመደችው። ሙሰባሃዋን እየቆጠረች ከገንዳው ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ከሱቅ ስመለስ እዚያው አገኛታለሁ። ዓሦቹ ሲያይዋት ወደ መስታወቱ ይመጣሉ። «ለእኔ ከአንቺ ይቀርባሉ» ትለኛለች። ሳቅም አየሁባት፤ ወሬው ከመጣ ወዲህ ያላየሁትን። ይሁን አልኩ። ቢያንስ ለሷ ሆነላት።

ከዚያ መበላሸት ጀመረ። መጀመሪያ ቀንድ አውጣዎቹ ከመስታወቱ ላይ እየወደቁ መነሳት አቃታቸው። የጨዉን ልክ የማይበት ትንሽ የላስቲክ ሳጥን አለ፣ ውሃ ሲሞላ መርፌው ይነሳል። መርፌው መነሳት ካለበት በታች ሆነ። ተበላሽቷል ብዬ አጠብኩት፣ አራገፍኩት፤ ያው ነው። ጨው ጨመርኩ። ከቀናት በኋላ መርፌው ተመልሶ ወረደ። ነገር ዓለሙ አልገባኝም። በኛ ሙቀት፣ ማራገቢያ እየነፈሰበት፣ ውሃው ይተናል እንጂ ጨዉ የትም አይሄድም። ተኖ ለጎደለው የዝናብ ውሃ እየሞላሁ ነበር፤ ያን ሰሞን ግን የጎደለ ነገር አላይም፣ ገንዳው ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ወቅቱ ቀዝቅዞ ነው ብዬ አለፍኩት። ያ እጅ የመሰለው መርጃን መጨበጡን አቆመ፤ ተኮማተረ፤ አንድ ጠዋት ቀልጦ አገኘሁት። ግቢያችን ውስጥ ያለው ፓፓያም ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ሥሩ አፈሩ ነጭ ነጭ አወጣ። የፓፓያ በሽታ ገባ ብዬ ገበሬ ልጠይቅ አስቤ ነበር። ሁለቱ ዓሦች ብቻ ምንም አልሆኑም፤ እነሱ ጨው ሲቀንስ ይችላሉ። እናቴ «ይኸው እነሱ ደስ ብሏቸዋል፣ ምን ያስጨንቅሻል» ትለኛለች።

አንድ ቀን ከዙህር በኋላ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ዓሣ ይታፈናል፤ የባትሪዋን ትንሽ ፓምፕ ለመክፈት ሱቄን ዘግቼ በባጃጅ ወደ ቤት በረርኩ። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ እናቴ ፓፓያው ሥር ናት። ባልዲ ደፋች። ውሃው አፈሩ ላይ አረፋ አወጣ። እኔን አላየችኝም። ባልዲውን አስቀምጣ የውዱእ ማንቆርቆሪያዋን ከዝናቡ በርሜል ሞላችና ወደ ሳሎን ገባች።

ቆሜ ቀረሁ። ሁሉም ነገር በአንዴ ገባኝ፤ ፓፓያው፣ መርፌው፣ ሙሉው ገንዳ። የባሕሩን ውሃ ከገንዳው እየቀዳች ፓፓያው ሥር ትደፋለች፣ በምትኩ የዝናብ ውሃ ትሞላለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ደሜ ፈላ! ወላሂ ደስ የሚል ነገር ነበር፣ ሙቀት ነው፣ ከእግሬ ሥር ተነስቶ ጭንቅላቴ ድረስ ወጣ። ያን ሁሉ ጨው፣ ያን ሁሉ ልመና፣ ያን ሁሉ ጥበቃ! ልጮህባት ተከትያት ገባሁ። የሳሎኑ በር ላይ ስደርስ አፌ ተከፍቶ ነበር።

ክዳኑን ከፍታ፣ ውሃውን በቀጭኑ፣ ሕፃን እንደሚያጠጣ ሰው ቀስ እያደረገች ታፈሰዋለች። ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅላ ነው የምታወራው፣ ልክ እኛ ልጆች ሆነን ታመን ስታስታምመን እንደምታወራው።

«ዹጊ፣ ያ ኢልመ ኮ፣ ዹጊ። ጠጣ ልጄ፣ ጠጣ። ይሄ ጨው የለውም፣ ራህመት ነው።» ማንቆርቆሪያው ባዶ ሲሆን እጇን ዘረጋች። «ያረቢ፣ ይህን ውሃ ሰደቃ አድርግልኝ። ለሩሑ አድርስልኝ።»

ለሩሑ አለች፤ ለነፍሱ፣ ለሞተ ሰው እንደሚባለው። ስንት ወር «ባለበት ጠብቅልኝ» ስትል የሰማኋት ሴት።

የበሩን ጉበን ያዝኩ። ድምፅ ሳላሰማ አልቀረሁም፤ ዞረች። አልደነገጠችም። ደክሟት ነበር መሰለኝ።

«መብራት ጠፋ?» አለችኝ።

«ጠፋ።»

«ዓሦቹ እንዳይታፈኑ፣ ክፈችላቸው።»

የባትሪዋን ፓምፕ ከፈትኩ። «እማ፣ ለማን ነው ሰደቃው?»

«ታውቂያለሽ።»

«ንገሪኝ።»

በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። «ለወንድምሽ ነዋ። ለሞተ ሰው ደግሞ ከውሃ የበለጠ ምን ሰደቃ አለ? ያ የጨፋ ልጅ ምን አለ፣ ውሃ ውሃ ይል ነበር ብሎን የለ? አላመንኩትም ነበር ያኔ። ጨለማ ነበር አለኝ፣ ጨለማ ውስጥ ማን ማንን ያያል ብዬ። ከዚያ ይሄን ቀመስኩት።» በአገጯ ወደ ገንዳው አመለከተች። «ከአፌ አልወጣ አለኝ። ብጉመጠመጥ፣ ማር ብልስ። ይሄን ጠጥቶ ሰው አይተርፍም፣ ልጄ። ያን ቀን ነው ልጄ የሞተብኝ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም? ለምን ብቻሽን?»

«ላንቺ ፈርቼ። ድንጋይ ሆነሽ ነበር። እኔ ተስፋ ከቆረጥኩ ትሰበሪያለሽ ብዬ።»

እኔ እሷን ስጠብቅ፣ እሷ እኔን ስትጠብቅ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲህ ከረምን። ስለ ጨዉ፣ ስለ መርጃኑ፣ እሷ የምታፈሰው ውሃ እንደገደላቸው ልነግራት አፌ ላይ ነበር። የዝናብ ውሃው በርሜል በበሩ በኩል ይታየኛል።

«አሁን ልተወው?» አለችኝ። «ተበላሸብሽ እንዴ?»

«የለም» አልኩ። «ጨምሪ።»

ማንቆርቆሪያውን ተቀብያት እኔ ሞልቼ አመጣሁላት። አፈሰሰችው።

በቀጣዩ ጁምዓ ሬሳ ሳይኖር የሚሰገደው ሶላት መስጊድ ተሰገደለት። ሼሁ ቤታችን መጥተው፣ ባሕር ላይ የሞተ ሸሂድ፣ ሰማዕት ነው ብለው አጽናኑን። በር ላይ ያባረረቻቸው ጎረቤቶች ምንጣፋቸውን ይዘው፣ አንድም ቃል ሳይወቅሱ ተመለሱ። ጎረቤታችን ከሁሉም በላይ አለቀሰች። ያ የጨፋ ልጅም መጣ፤ እናቴ ጭንቅላቱን ዳበሰችው። ሴቶቹ ሳሎኑን ሞልተው ከገንዳው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሁሉም አለቀሰ። እኔ ሻይ አመላለስኩ። ይኸው የምፈልገው ሆነልኝ፣ አሁን አልቅሺ እላለሁ ለራሴ፤ ዓይኔ እንደ ደረቀ ነው። ያን ያህል ጊዜ የዘጋሁት ነገር በትእዛዝ አልከፈት አለኝ።

ምንጣፉ ሲነሳ ገንዳው ውስጥ ሕይወት ያላቸው ሁለቱ ዓሦች ብቻ ነበሩ። በዚያው የፎም ሳጥን አድርጌ፣ በዚያው ሚኒባስ፣ አዲስ አበባ ለሸጠልኝ ሰው መለስኳቸው። «ደግሞ የልብ መድኃኒት ይመለሳል እንዴ?» አለ ሾፌሩ። እናቴ እስከ መነኻሪያ ድረስ መጥታ፣ ሚኒባሱ እስኪነሳ ቆማ፣ «አላህ በሰላም ያግባችሁ» አለቻቸው። ልጇ ሲሄድ ያላገኘችውን መሸኘት ለዓሣ አደረገችው።

መስታወቱን ቆራጩ ለሾው ኬዝ ወሰደው። መቆሚያውን እናቴ በር ላይ አስወጣችው፣ መንገዱ ዳር፣ ግንቡ ጥላ ሥር። ላዩ ላይ ቧንቧ ያለው የውሃ በርሜል አስቀመጥን፣ በሰንሰለት የታሰረ ኩባያ አንጠለጠልን። ሰቢል ነው፤ ለሞተ ሰው ነፍስ መንገደኛ የሚጠጣበት ውሃ። ጠዋት ጠዋት ከሱቅ በፊት የምሞላው እኔ ነኝ። በርሜሉ ሙሉ ሆኖ ብረቱ ንቅንቅ አይልም።

አንድ የገበያ ቀን ስሞላ አንድ ሽማግሌ ከጨፋ በኩል ማሽላ በአህያ ጭነው መጡ። አህያይቱን አቆሙና ኩባያውን አነሱ።

«ይጠጡ አባቴ» አልኩ።

ቢስሚላህ ብለው ተቀምጠው ጠጡ። ጨረሱና ኩባያውን አራግፈው ቦታው ሰቀሉት። «አላህ ይቀበላችሁ ልጄ። የማን ነው?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃላ።

«የወንድሜ ነው» አልኩ። «አላህ ይዘንለት።»

በኔ አፍ ሲባል የመጀመሪያው ነው። ሽማግሌው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ገበያ ይረፍድብኛል አላሉም። የአህያይቱን ገመድ መቆሚያው ላይ አሰሩና ዱላቸውን አስተኝተው ግንቡ ሥር ተቀመጡ፤ ምንጣፍ የለ፣ አፈሩ ላይ፣ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው። ስሙን አልጠየቁ፣ እንዴት እንደሞተ አልጠየቁ። ዝም ብለው አጠገቤ ተቀመጡ።

እኔም ተቀመጥኩ። ወንድሜ የበየደውን ብረት ተደግፌ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባጃጅ በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ቧንቧውን ስላልዘጋሁት ውሃው ይፈስ ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዘጉልኝና እስክጨርስ ጠበቁኝ።